ሐኪመ ኵሉ ፍጥረት አቶ ይግዛው

የሐኪም ቤት ደጅ ያልረገጠ፣ የበሽታ ስም ግን ከአፉ የማይጠፋ ሰው የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። የላም ሳል፣ የአውቶቡስ ሞተር፣ የጎረቤት ሆድ ቁርጠት ለእሱ አንድ ነው፤ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ ያዳምጥና ይፈርዳል። ለእኛ ለደባርቆች የደረሱን ሐኪመ ኵሉ ፍጥረት አቶ ይግዛው ናቸው። "ይኼማ ዐይን ላለው ግልጥ ነው" ይላሉ። ግልጥ በሆነላቸው ነገር ሁሉ ተሳስተዋል።

ማዕረጉን ያገኙት የከብት ክትባት ቡድን ወደ ዳባት ሲሄድ የመድኃኒቱን ሣጥን ተሸክመው ነው። ሣጥኑ የተቆለፈ ነበር፤ ዕውቀቱ በጀርባቸው በኩል ዘልቋቸው መሆን አለበት። ከዚያ ወዲህ የዛሪማው አውቶቡስ ዳገት ላይ ሲያጓራ "ሳምባዋ ነው" ብለው ሹፌሩ ቅቤ እንዲያጠጣት መክረዋል።

እኔ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ያዥ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ ያላረጋገጥኩትን እንዳልጽፍ ነው። ሰውየው ያንገበግቡኝ ነበር።

በቀይ ሽብር ጊዜ ወንድሜን አሻግሬን ገደሉት። ዛሪማ አስተማሪ ነበር። እንዲያ ለሞተ ሰው ማልቀስ ክልክል ነው፤ ድንኳን አይተከልም፣ ለቅሶ ደራሽ አይመጣም። ጎረቤቶቼ በደጄ ሲያልፉ መሬት መሬት ያያሉ። እኔም አንዲት ዘለላ እንባ ሳላወጣ ቢሮ እገባ፣ ከቢሮ እወጣ ነበር። ከእሱ የቀረኝ ነፍስ ያለው ነገር ከቆላ ያመጣት ኤሊ ብቻ ናት።

እሷም ታመመች። የደባርቅ ክረምት ለቆላ ፍጥረት አይሆንም። ዐይኖቿ አብጠው ተጣበቁ፤ ከአፍንጫዋ አረፋ ይወጣል፤ አንገቷን ዘርግታ በአፏ ትተነፍሳለች። ሳነሣት እግሮቿ ዝልፍልፍ አሉ። ብርድ ሳምባዋን እንደመታት ገባኝ። ከምድጃው አጠገብ አኖርኳት፤ ለብ ባለ ውኃ እየነከርኩ አሞቅኋት።

ማንም በማይረግጠው ቤት አቶ ይግዛው በየቀኑ ይመጣሉ። ገና ከአጥሩ ውጭ "ኤሊዋን ላይ ነው የመጣሁ!" እያሉ ሰፈሩን ያደነቁሩታል።

"ጆሮዋ ቀዝቅዟል" አሉ፣ እንደ በሬ እየዳሰሷት።

"የትኛው ጆሮዋ?"

"ውስጥ ያለው ነዋ! ምነው አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ተምረሽ?"

አልበላም ስትል "ፍልሰታ አይደል፤ ትጾማለች" አሉ። ጾሙ ተፈታ፤ አሁንም አልበላች። "ንስሐ ገብታ ቀኖና ተቀብላ ይሆናል" አሉኝ ያለ አንዳች ኀፍረት። ቀጥሎ ሳምባውን እንደታመመ በሬ ጎኗን ሊተኩሷት ማጭድ አግለው መጡ።

"አቶ ይግዛው፣ ይችን ደፍ እንዳያልፉ!"

"ድንጋይዋን ነው የምተኩሰው፤ ምን ይሰማታል?"

"ይሰማታል! አጥንቷ ነው!"

"ይኼማ ዐይን ላለው..."

በሩን ዘጋሁባቸው። ማጭዱ እስኪቀዘቅዝ ደጅ ቆመው አጉተመተሙ። በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሰው መጡ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ኤሊዋ ዐይኗን ገለጠች፤ ጎመን ቀማመሰች። በዚያው ቀን አቶ ይግዛው ሲነኳት ጭንቅላቷንም እግሯንም ሸምቀቅ አድርጋ ሰበሰበች። ይህ የመዳን ምልክት ነው፤ አቅም ያላት ኤሊ እንጂ የሞተች ራሷን አትሰበስብም። ሐኪሙ ኤሊዋን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ሞታለች" አሉ።

"ኧረ እንዲያውም..."

"ዋይ! ዋይ! ዋይ!"

በእኛ አገር ዋይታ የሰማ ሰው በእጁ ያለውን ጥሎ ይሮጣል፤ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው ከደረሰ በኋላ ነው። ግቢው ጢም አለ። የቀበሌው ጥበቃም ጠመንጃውን አንግቶ ገባ።

"ማን ሞቶ ነው?"

"ኤሊ ናት፣ ጓድ" አሉ አቶ ይግዛው እንባቸውን እየጠረጉ። "ለኤሊ አይለቀስም የሚል መመሪያ ወጥቷል?"

ጥበቃው መሬት ላይ የተቀመጠውን ድንጋይ መሳይ ነገር አየ፤ በሩን ተደግፎ ቆመ።

ፊታቸውን ሲያዞሩብኝ የከረሙት ጎረቤቴ እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደረታቸውን መቱ። "ያ ለግላጋ ቁመና! ያ አንደበት! ምነው ልጄን፣ ምነው!" ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ኤሊ ቁመናና አንደበት ከየት አመጣች ብሎ የሳቀ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ከሆዴ የወጣውን ድምፅ የእኔ ነው ብዬ አላወቅሁትም።

ለቅሶው ሲግል ኤሊዋ አንገቷን ብቅ አደረገች። ዙሪያዋን ቃኘችና ዘና ብላ ወደ ጥበቃው መራመድ ያዘች። አቶ ይግዛው ሙሿቸውን ሳያቋርጡ ጋቢያቸውን ጣሉባት፤ ጠቅልለው አነሧትና እቅፍ አድርገው ከጎኔ ተቀመጡ።

"አልቅሺ" አሉኝ በጆሮዬ። "እኔ ይዣታለሁ።"