የማርጊላኑ ኢክሮምጆን ባለ ስምንት አንቴና ራውተር የመረጠበት ዜና መዋዕል

በዘመነ መንግሥቱ ለኢክሮምጆን ዘማርጊላን ከተማ፣ ጢሙ መሸበት በጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ የግቢው ወይን ገና ጎምዛዛ ሳለ፣ የሐር ሸማኔው፣ የውሃ ፓምፕ ጠጋኙ፣ ከጎረቤት ተጣልቶ የማያውቀው ኃያል ኢክሮምጆን የኢንተርኔት ራውተር ሊመርጥ ተነሣ። ይህንንም የጻፍኩት እኔ የግድግዳ ጎረቤቱ ነኝ፤ ያላየሁትን አልጨመርኩም።

የዘመቻው ምክንያት እንዲህ ነው። እኅቱ ፌሩዛ በኮሪያ ምድር ወንድ ልጅ ወልዳ ነበርና፣ በእኛ ዘንድም ሕፃን አርባ ቀን ሳይሞላው በስልክ እንኳ ለሰው ዓይን አይታይምና፣ በአርባኛው ቀን፣ ሐሙስ በቀትር፣ ለአያቱ፣ ለኢክሮምጆን እናት ለወይዘሮ ሳሊሃ እንዲታይ ቀጠሮ ተቆረጠ። ወይዘሮዋ ግን ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ከጓሮው ክፍል አይወጡም፤ የዚያ ክፍል ግድግዳ ደግሞ ወፍራም ጭቃ ነውና የስልክ ኔትወርክ ገብቶበት አያውቅም።

ማክሰኞ ወደ ገበያ ዘመተ። ተከታዮቹም እነሆ፦ የሚስቱ ወንድም ቱርዲቦይ፣ አንድ ጊዜ ማራገቢያ ጠግኖ መሐንዲስ የተባለ፤ ሁለት የአጎቱ ልጆች፤ ሐብሐብ ሊገዛ ወጥቶ የተቀላቀለ አንድ መንገደኛ፤ እኔም። ነጋዴው ኩድራት ከመደብሩ በር ላይ ቆሞ አወጀ፦ «ኢክሮምጆን አካ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የአንቴናውን ብዛት ይተዉት! ዋናው ቦታው ነው። ቤቱ መሃል ላይ ከፍ አድርጋችሁ፣ ምንም ሳትጋርዱት አስቀምጡት!» ኃያሉ ግን ባለ ሁለት አንቴናውን ናቀ፣ ባለ አራቱን በዝምታ አለፈ፣ ባለ ስምንቱን አቀፈ፤ ቱርዲቦይም በገበያው መካከል «የዚህ ሲግናል ሳማርካንድ ከተማ ድረስ ይደርሳል፤ አንዲት የጓሮ ክፍል ምን አላት!» ብሎ አዋጅ ነገረ።

ወእምዝ፣ ክቡር ዕቃ በክቡር ስፍራ ይቀመጣልና፣ ማንም በማይቀመጥበት በእንግዳ ክፍል፣ በሸክላ ሳህኖቹ መካከል አነገሡት፤ አቧራ እንዳይነካውም የሠርግ ጥልፍ ደረቡለት። በእንግዳ ክፍል ሲግናሉ ሞልቶ ፈሰሰ፤ በጓሮው ክፍል ግን ጭላንጭሉ እንኳ አልታየም።

ሐሙስ ለቀትር ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ ቱርዲቦይ ወይዘሮዋን በወንበር ተሸክመን ወደ እንግዳ ክፍል እናድርሳቸው ብሎ መከረ። እሳቸውም ከአልጋቸው ላይ አወጁ፦ «በገዛ ቤቴ እንግዳ ልሆን? ልጆቼን ሁሉ የወለድኩት እዚህ ነው፤ የልጅ ልጄንም እዚሁ ነው የማየው! አርባ ቀን ቆጥሬያለሁ፣ አንዲት ቀን አልጨምርም!» ኃያሉም የእናቱን ቀን ሊያበላሽ ነውና ፈራ። እኔም ከልቤ አዘንኩለት።

ያን ጊዜ ሚስቱ መስቱራ፣ እጇ በሊጥ እንደተለወሰ ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ አወጀች፦ «እንግዳ ሥራ ሲሠራ የት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ቀን ተከበረ፣ ይበቃዋል! ካባውን ግፈፉና ወደ ጓሮው በረንዳ አውጡት!»

ኢክሮምጆንም ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ጥልፉን ገፈፈ፣ ገመዱን እየዘረጋ ግቢውን አቋረጠ፣ ከጓሮው ክፍል ክፍት በር ትይዩ በዱቄት ሣጥን ላይ አቆመው። በጓሮው ክፍል ስልኩ ጮኸ፤ ፌሩዛ ነበረች።

ወይዘሮ ሳሊሃ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ሕፃኑ በስልኩ መስታወት ውስጥ አዛጋ። «ወይ የኔ ጌታ» አሉ፤ «እኔን ለማየት ነው እንዲህ የደከምከው?»

ስለዚህም እንላለን፦ ሰላም ለኢክሮምጆን፣ ሰይፍ ሳይመዝ ግድግዳ ለረታው፤ ሰላም ለጆሮዎቹ፣ ዘግይተውም ቢሆን ሚስቱን ለሰሙት። ከተማ የያዙ ብዙዎች ናቸው፤ እናቱን በአልጋቸው ላይ እንዳሉ ኮሪያ ያደረሰ ግን እርሱ ነው።