የማቴዎስ ግራ እግር

በዲላ ከተማ አሰልጣኝ ያልሆነ ሰው ቢኖር አሰልጣኙ ብቻ ነው። ሌላው ሕዝብ፣ ከባጃጅ ነጂው እስከ ጥርስ ሐኪሙ፣ ማን መሰለፍ እንደነበረበት አጥርቶ ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን ቡድናችን ከተሸነፈ በኋላ ነው። ይህን ስል የምሳለቅ እንዳይመስላችሁ፤ እኔም ከነሱው አንዱ ነኝ። በሥራ ቀን ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፣ እሑድ ማታ ቡድን አሰልፋለሁ። እንዲያውም አንዳንዴ የምንወደው ኳሱን ነው ወይስ ከሽንፈት በኋላ ያለውን ሙግት እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። ስናሸንፍማ ምን ወሬ አለ? ጨብጨብ አድርጎ ወደ ቤት ነው። ሰው ቁጭ ብሎ የሚያመሸው ሳይሆን ስለቀረ ነገር ነው።

ሙግታችን የሚካሄደው ከስታዲየሙ ዝቅ ብሎ ባለ ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ነው። የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ሽኩር የለስላሳ ቆርኪ እየለቀመ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል፤ እያንዳንዷ ቆርኪ አንድ ተጫዋች ናት። ባጃጅ ነጂው ደረጀ ደግሞ ያፈርሰዋል። ሽኩር ይሠራል፣ ደረጀ ያፈርሳል፣ እኛ የአናናስ ጁሳችንን እየጠጣን እንፈርዳለን።

ቡና በሚለቀምበት ሰሞን፣ በአንዱ እሑድ ከጎረቤት ከተማ ቡድን ጋር ስንጫወት፣ ከጎኔ አንድ ጎልማሳ ተቀምጠው ነበር። ለቤተ ክርስቲያን የሚለበስ ጥቁር ኮት አድርገዋል፤ ጫማቸው ላይ ግን ቀይ ጭቃ ደርቋል። ጨዋታውን አያዩም። ዐይናቸው ተጠባባቂዎቹ ወንበር ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ተጠባባቂዎቹ ለማሟሟቅ ሲነሡ እሳቸውም ተነሥተው ኮታቸውን ይቆልፋሉ፤ እነሱ ሲቀመጡ እሳቸውም ይቀመጡና ቁልፉን ይፈታሉ።

«ወንድሜ፣ አሰልጣኙ ሰው የሚቀይር መቼ ነው?» አሉኝ።

«እንደ ልቡ ነው።»

«ያ ጫማውን የሚያስረው የኔ ልጅ ነው» አሉ። «ማቴዎስ።»

አቶ በራሶ ይባላሉ፤ ወርቃ ከምትባል ገጠር የመጡ የቡና ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ለቡድናችን ከፈረመ ወዲህ ሲጫወት አይተውት አያውቁም። «እኛ ጋ ሜዳ የለም፤ ቁልቁለት ነው» አሉኝ። «ኳስ ከሄደች እንሰት ውስጥ ነው የምትገኝ። ሮጦ የሚያመጣት እሱ ነበር።» ልጁ ሲሮጥ የሚያውቁት እንዲያ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቁልቁል ሲወርድ ነው። ፊት ለፊት ሲመጣ ለማየት የቀላ ቡናቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው መጡ። ማቴዎስ ጫማውን ሲያስር፣ ሲፈታ፣ መልሶ ሲያስር ጨዋታው አለቀ። አንድ ለባዶ ተሸነፍን። አሰልጣኙም ተጫዋቾቹን ሰብስቦ በአውቶቡስ ይዟቸው ሄደ፤ አባትና ልጅ በመስኮት እጅ ተነሣሥተው ተለያዩ። እንዲህ ሆነው ብቻቸውን መተው ደግ ስላልመሰለኝ ወደ ጁስ ቤቱ ይዣቸው ሄድኩ።

ሙግቱ ጦፎ ጠበቀን። አቶ በራሶ ስፕሪሳቸውን ሳይነኩ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብለው ያዳምጡ ጀመር። ስም በተጠራ ቁጥር አንገታቸው ቀና ይላል። የተጎዳው አጥቂ ስም ተጠራ። ወደ ሐዋሳ የሄደው፣ ከሄደም በኋላ ኳስ የተወው ሰውዬ ሳይቀር ተጠራ። የማቴዎስ ስም ግን የለም። ሰው ልጁ እንዲወደስለት ሲመኝ አይቻለሁ፤ ስሙ ብቻ እንዲነሣለት እንዲህ ሲናፍቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አንዲት ትርፍ ቆርኪ ነበረች። አቶ በራሶ በአንድ ጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ መሃል ገፏት። ሽኩር ሙግቱን ሳያቋርጥ መልሶ ገፋት።

«አባቴ፣ እሷ ትርፍ ናት» አላቸው።

ይህን ማለፍ አልቻልኩም። «ማቴዎስ ቢገባስ ኖሮ?» አልኩ።

ማንም አያውቀውም። ነገር ግን እናንተም እንደምታውቁት፣ በአገራችን ስለ ኳስ አላውቅም ማለት ነውር ነው። ሽኩር ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱን እኮ ነው እኔ የምለው» አለ።

ደረጀ ተከተለ፤ ለካ ልምምድ ላይ አይቶታል። «ግራ እግር ከተባለ የሱ ነው» ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲያማ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። ማቴዎስ በግራ አሻገረ፣ በግራ አክርሮ መታ፣ በግራ አገባ፤ ስፕሪሱ ሳያልቅ ሁለት ለአንድ አሸነፍን። አቶ በራሶ ፊታቸው በርቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ እኮ በቀኝ ነው የሚመታ» አሉኝ በሹክሹክታ። ለሌሎቹ ግን ምንም አልተነፈሱም። ስንለያይ ስልክ ቁጥሬን ተቀብለውኝ ሄዱ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው በደረጀ ባጃጅ ተሳፍሮ ከተማውን ዞረ፤ ገበያ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ በመጨረሻም አሰልጣኙ ጆሮ ገባ። ሰውየው ምን ያድርግ? ከተማ ሙሉ የሚያደንቀውን ግራ እግር እሱ ብቻ ሳያየው ቀረ ሊባል ነው። በልምምድ ያየውን ትቶ በመንገድ የሰማውን አመነ። በሚቀጥለው ጨዋታ ማቴዎስን ከመጀመሪያው አሰለፈው። በግራ መስመር።

አቶ በራሶ መምጣት አልቻሉም። «ቡና ባንዴ ቀልታለች፤ እሷ ሰው አትጠብቅም» አሉኝ በስልክ። «መምህር፣ አንተ እይልኝ።»

አየሁላቸው። ልጁ ሮጠ፣ ታገለ፣ ላቡ ተንጠፈጠፈ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከበረኛው ጋር አንድ ለአንድ ተገናኘ። ኳሷ ግራ እግሩ ላይ ነበረች። ወደ ቀኙ እስኪያመጣት ተከላካዩ ደርሶ ነጠቀው። በዚያችው ኳስ ሄደው አገቡብን።

እንግዲህ የዚያን ዕለት ጁስ ቤቱን አስቡት። «ማቴዎስ ነው የቀበረን» ይላል ደረጀ። ሽኩር የማቴዎስን ቆርኪ በጣቱ ፈንጥሮ ወለሉ ላይ ጣላት። «እንዲያ ያለ ግራ እግር ይዞ በቀኝ ልምታ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም» አለ።

ስልኬ ጠራ። አቶ በራሶ ነበሩ።

«ገባ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«ሰዎቹ ምን ይላሉ? እስቲ ስልኩን ወደነሱ አዙርልኝ፤ ልስማ።»

ሰበብ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። አዞርኩላቸው። መልሼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው አዝነው የማገኛቸው መስሎኝ ነበር።

«ይሰድቡታል» አሉ።

«ይሰድቡታል።»

«ተጫውቷል ማለት ነው።»

ስለዚያች ኳስ ጠየቁኝ። በግራው እንደመጣች፣ ወደ ቀኙ ሲያዞራት እንደተነጠቀ ነገርኳቸው።

«ያን ዕለት ቀኝ ነው ልላቸው ነበር» አሉ። «ግን ስሙን እየጠሩት ነበር። ላቋርጣቸው አልሆነልኝም።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ። «ልጁ እኮ ቀኝ እግር ነው» አልኳቸው።

ሽኩር ጎንበስ ብሎ ቆርኪዋን ከወለሉ አነሣ፤ በሱሪው ጠረጋትና በቀኝ መስመር አስቀመጣት።

«እሱን እኮ ነው እኔ የምለው» አለ።