አክስቴ የማታናግረው አናጢ

አኩራፊ የሌለበት ቤተሰብ ካለ፣ ገና በደንብ ያልተዋወቀ ቤተሰብ ነው። በየቤቱ አንድ አይጠፋም። ለምቦጩን ጥሎ ጥግ ይይዛል፤ "ምን ሆንክ?" ሲሉት "ምንም" ይላል፤ "ብላ እንጂ" ሲሉት "ጠግቤያለሁ" ይላል፤ ሰው ዞር ሲል ግን ድስቱን ይከፍታል። እናንተም ቤት አለ። የለም ካላችሁ፣ ራሳችሁ ናችሁ።

እኔ ግን ብዕሬን ያነሳሁት ለተራ አኩራፊ አይደለም። ስለ ክብርት አክስቴ፣ ስለ አባቴ ታላቅ እህት ልጽፍላችሁ ነው። አክስቴ የሴቶች ልብስ ሰፊ ናት። ከመኝታ ሰዓት በቀር ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም፤ ከከንፈሯም ጫፍ መርፌ አይጠፋም። ኩርፊያን በተመለከተ በምንኖርባት ትንሽ ከተማ አቻ የላትም።

ኩርፊያዋ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ላይ ታናግርሃለች፣ ግን በአንድ ቃል። ሲብስ አንተን ትታ ግድግዳውን ታናግራለች። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ከደረስክ አለቀልህ፤ ከዚያ በኋላ የምትገናኙት በመልእክተኛ ብቻ ነው። አባቴና እሷ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው እየበሉ "ለወንድሜ ንገረው፣ ክርኑን ይሰብስብ" ስትለኝ ነው ያደግኩት። አባቴ ክርኑን ይሰበስብና "ሰብስቧል በላት" ይለኛል። እኔም "ሰብስቧል" እላታለሁ። እሷም "አይቻለሁ በለው" ትላለች። ምግቡ እስኪያልቅ እንዲህ እንሠራለን።

ምክንያት ደግሞ አይጠፋትም። አንዷ ደንበኛ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ መስታወት ፊት ዞር ዞር ብላ፣ "ጥሩ ነው" ብላ ወጣች። "በጣም" አላለችም። ሴትዮዋ ዛሬ ድረስ ልብስ ስታሰፋ "እጅሽን አንሺ" የምትባለው በገዛ ልጇ በኩል ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ የሬዲዮ ጋዜጠኛ አኩርፋለች። ሰውዬው "ነገ በዚሁ ሰዓት እንገናኛለን" ብሎ በማግሥቱ እረፍት ወጣ። ከእረፍት ሲመለስ አክስቴ ድምፁን እንደሰማች ሬዲዮኑን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ዘፈን የሚጀምርበትን ደቂቃ ገምታ ትከፍታለች፣ እሱ ሲመጣ ትዘጋለች። ጋዜጠኛው እንደተኮረፈ ሳያውቅ ጡረታ ወጣ።

የኩርፊያዎቿ ሁሉ አውራ ግን የአናጢው ኩርፊያ ነው።

አናጢው ከአክስቴ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የቆርቆሮ በር ያለው የእንጨት ሥራ ቤት አለው። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም፤ ከተማው በሙሉ "ጋሽ ነገ" ነው የሚለው። ሥራዬ የት ደረሰ ሲሉት "ነገ" ስለሚል ነው። ኩርፊያው በተጀመረበት ዘመን ይጠጣ ነበር። ቢጠጣስ፣ ጠጥቶ ባይሠራ ደግ ነበር። ለክሊኒኩ የሠራው አግዳሚ ወንበር አስታማሚዎችን ሕመምተኛ አድርጓል። አዲስ ለተጋቡ ሰዎች የሠራው አልጋ ምን እንዳደረገ፣ ልጆችም ሊያነቡት ስለሚችሉ አልጽፈውም።

አክስቴ እንግዲህ ይህን ሰው የተሰፉ ቀሚሶች የሚሰቀሉበት ቁም ሣጥን አዘዘችው። ቁም ሣጥኑ መጣ። በሮቹ አልመጡም።

"በሮቹስ?"

"ነገ።"

ክብርት አክስቴ የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች ዘልላ በቀጥታ የመጨረሻው ላይ ወጣች። ሌላ አናጢ ይግጠምልሽ ሲሏት "ማስረጃዬን አላስነካም" አለች። መጋረጃ ሰቅላበት ማስረጃዋን ከአቧራ ስትጠብቅ ኖረች።

በመልእክተኛ የሚኖር ሰው መልእክተኛ ያስፈልገዋል። የእሷ መልእክተኛ አንድያ ልጇ ነበረች። "ሂጂና ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ እኔ እሱን እንደማላናግረው ንገሪው" ትላታለች። ልጅቷ በትምህርት ቤት ልብሷ መንገዱን ትሻገራለች። ከወዲያ በኩል ደግሞ የአናጢው ልጅ፣ ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ እንዳለ፣ ብቅ ይላል። "እናቴ አታናግርም ብላለች።" "አባቴ ነገ ብሏል።" ሁለቱም ዞረው ይመለሳሉ።

ዓመት ዓመትን ሲተካ ልጆቹ አደጉ። እሷ ፋርማሲ ተቀጠረች፤ እሱ የአባቱን መጋዝ ተረከበ። መልእክቱ ግን አልቆመም፤ እንዲያውም ባሰበት። የጠዋቱ ላይ የማታ ተጨመረበት። በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ መልእክት ለማድረስ የወጣች ልጅ ፀሐይ እስክትጠልቅ ማዶ ትቀራለች። ሽቶ ተቀብታ "አታናግርህም" ለማለት የምትሄድ ልጅ አይቼ አላውቅም ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ገብቶታል። ያልገባት አክስቴ ብቻ ናት። "የኔ ልጅ ታዛዥ ናት፤ ስልካት አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ አትልም" እያለች ትመካለች። እኛም ፊታችንን አዙረን እንስቃለን።

አንድ ቀን ልጅቷ ከሥራ መጥታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ተናገረች።

"እማ፣ ላገባ ነው።"

"ማንን?"

"መልስ የሚያመጣልሽን።"

አክስቴ ወደ ሥራዋ ዞረች። የስፌት መኪናዋን ረግጣ ፊት ለፊቷ የነበረውን ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ሰፋችው። ክር አልገባበትም ነበር። ከዚያ ቀና ብላ "የሰካራም ልጅ!" አለች። "ዛሬ ነገ ሲልሽ ዕድሜሽ ያልቃል። ነገ የሚል ሰው ምን እንደሆነ እኔን ጠይቂኝ።"

ይህን የምትለው በቀልድ አይደለም። ባሏ "ነገ እመለሳለሁ" ብሎ ሲወጣ ልጅቷ ገና እየዳኸች ነበር። አልተመለሰም። አክስቴ በመኪናዋ ፔዳል ብቻዋን አሳደገቻት፤ ለዚህች ልጅ የምትመኘው ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለች እናት ጋሽ ነገን ለአማችነት ስታስበው ቢያንዘፈዝፋት አይፈረድባትም።

እውነቱን ለመናገር፣ ጋሽ ነገ መጠጥ ከተወ ቆይቷል። ልጁም ሲያዩት አንገቱን የደፋ፣ ሥራውን አክባሪ ነው። ግን ከተማችን ለሰው መጥፎ ስም ሲያወጣ ይፈጥናል፤ አንሳልኝ ሲሉት እሱም "ነገ" ነው የሚለው።

አክስቴ በማግሥቱ የመጨረሻውን መልእክት አዘጋጀች። "ሂጂና ንገሪው፤ ልጄን ለልጁ አልሰጥም በይው።"

"አልሄድም" አለች ታዛዧ ልጅ። "ከዛሬ ጀምሮ መልእክት አላደርስም። አንቺ ካልመረቅሽኝ አላገባም፤ ግን እዚህም አልቀመጥም። በሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ወር ሲያልቅ እሄዳለሁ።"

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ሂድ።"

"እኔም አልሄድም፣ እትዬ።"

ወደ አባቴ አልዞረችም፤ ያኔም አኩርፋው ነበር። እሱ ግን ሳይጠየቅ "ይችን እንኳ ራሷ ትናገር በላት" አለኝ። ይህንንም አላደረስኩም፤ አድማ ላይ ነበርኩ።

አክስቴ በገዛ ሕጓ ተያዘች። "አልሰጥም" ለማለት አናጢውን ማናገር አለባት፤ ካናገረችው ደግሞ ያ ሁሉ ዓመት የተለፋበት ኩርፊያ ፈረሰ። ቀኖቹ እንዲሁ አለፉ። የስፌት መኪናው ድምፅ ጠፋ። ልጅቷ ፋርማሲ ውስጥ ሳል ለያዘው ሰው የቁርጠት መድኃኒት ልትሰጥ ስትል ባልደረባዋ ከእጇ ቀማቻት። ከማዶ የመዶሻው ድምፅ መሐል መሐል ላይ እየቆመ ይቀራል። ሻንጣ ተገዛ። እኔ በበኩሌ እንቅልፍ አጣሁ፤ አክስቴን በዚያ በር ዳግመኛ ሰው ጥሏት ሲሄድ ማየት አልፈልግም ነበር።

አንድ ጠዋት አክስቴ ድንገት ተነሳች፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ መንገዱን ተሻገረች። ተከተልኳት። የእንጨት ሥራ ቤቱ ኮላ ኮላ ይሸታል። ጋሽ ነገ መነጽሩን በክር አስሮ ጣውላ ይልግ ነበር። ሲያያት መላጊያው እጁ ላይ ቀረ። አክስቴ አላየችውም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መጋዝ አየች።

"ስማ፣ አንተ መጋዝ" አለች። "ለባለቤትህ ንገረው። ልጄን ለልጁ አልሰጥም።"

ጋሽ ነገ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሰውዬው ቢቸግረው አጠገቡ ወዳለ አንድ እግር ወደ ጎደለው ወንበር ዞረ።

"ለእመቤቲቱ ንገርልኝ" አለው በትሕትና፣ "እውነቷን ነው።"

አክስቴ ለዚህ አልተዘጋጀችም። መጋዙም እንደዚያው።

"እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አልሰጥም" ብሎ ለወንበሩ ቀጠለ። "ጠጪ ነበርኩ። የሰው እንጨት አበላሽቻለሁ፣ የሰው ደስታ አበላሽቻለሁ። ከተውኩ በኋላ እንኳ በሮቹን ይዤ ልሄድ ስንቴ ተነስቼ አፈርኩ። ምን ብዬ አንኳኳለሁ? ልጁ ግን እንደ እኔ አይደለም። እኔ ጀምሬ የተውኩትን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞረ የጨረሰው እሱ ነው። የክሊኒኩን ወንበር አፍርሶ እንደገና የሠራው እሱ ነው። የከበደው የኔ ስም ነው። ስለዚህ ንገርልኝ፤ እኔ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ሩቅ ነው። ሠርጋቸውም ላይ አልገኝም። አባቱ ማን እንደሆነ ሰው ይርሳለት። እኔ ከሌለሁ ምናልባት እሺ ትል ይሆናል።"

ልጁ በጓሮው በር ጣውላ ተሸክሞ ሊገባ ሲል ሰምቶ ቆሟል። "አባዬ" አለ። ጣውላውን ማውረዱንም ረሳው።

አክስቴ መጋዙን አየች። ወንበሩን አየች። ያን ያህል ዘመን ያላየችውን ሰው በቀጥታ፣ ዓይን ለዓይን አየችው።

"የት አባትህ ነው የምትሄደው?!"

መላጊያው ከጋሽ ነገ እጅ ወደቀ።

"ልጅህን ማን ሊድርልህ ነው? መጋዙ? ምን አጠፋና ነው አባት እያለው ያለአባት የሚያገባው? ጥሎ የሚሄድ አባት በኛ ቤት አንድ ይበቃል! እዚችው ትቀመጣለህ! ፀጉርህን ተቆርጠህ፣ ሰው መስለህ፣ ከፊት ትቀመጣለህ! ደግሞ በዚህ ኮት አይደለም፤ ምንድን ነው ይሄ? ና ወዲህ ልለካህ!"

ሜትሯን ከአንገቷ ስባ ትከሻውን መለካት ጀመረች። ሰውዬው እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። እንባው በመነጽሩ ሥር ይወርዳል፤ ለመጥረግ ቢፈልግም "እጅህን አንሳ" ተብሏል።

"እትዬ" አልኳት ቀስ ብዬ፣ "አናገርሽው እኮ።"

"ዝም በልና ልኩን ያዝልኝ" አለችኝ።

ልኩን አልያዝኩም፤ ሳቄም ለቅሶዬም በአንድ ላይ መጣብኝ። ልጁ ጣውላውን ጥሎ እየሮጠ ወደ ፋርማሲው ሲሄድ በመስኮቱ አየሁት። ደረቴ ላይ ተቀምጦ የከረመ ነገር ተነስቶ ሄደ። እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ተጋቡ። ሻንጣው ለሙሽርነታቸው ጉዞ ዋለ። ጋሽ ነገ ከፊት ተቀመጠ፤ አክስቴ በሕይወቷ የመጀመሪያውን የወንድ ኮት ሰፍታለት ነበር። የግራ እጅጌው ትንሽ ረዝሟል። ማንም ምንም አላለም፤ ማንም ሊኮረፍ አልፈለገም። በሮቹማ ገና ናቸው። ሁለቱ አማቾች በቀለሙ አልተስማሙም፤ በየቀኑ መንገዱን እየተሻገሩ፣ ያለመልእክተኛ፣ ፊት ለፊት ይጨቃጨቃሉ።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን ከአክስቴ ጋር ቁጭ ብለን፣ ቁልፍ እየተከለች ሳለ፣ ደፈር ብዬ ጠየቅኳት።

"እትዬ፣ ለምንድን ነው ግን ሰው የምታኮርፊው?"

ይቺ ጥያቄ ራሷ ታስኮርፋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ክሩን በጥርሷ በጠሰችና መለሰችልኝ።

"ባሌ ላይ ጮኼበት ነበር። አምርሬ ነው የጮህኩበት። ነገ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያስከፋኝ አልጮህም። ዝም እላለሁ። ዝም ስል ምን ሆንሽ ብሎ የሚመጣ አለ ወይ ብዬ ነው የማየው።"

"ጋሽ ነገስ?"

"እሱማ መልስ አስቀርቶብኝ አያውቅም። ነገም ቢሆን መልስ ነው።" ሌላ ቁልፍ አነሳች። "የማይመጣን ሰውማ ምን አድርጌ አኮርፈዋለሁ? የሚመጣውን ነው እንጂ።"

ቤት ስደርስ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ከወንድም እህቶቿ ልጆች ሁሉ አክስቴ አብዝታ ያኮረፈችው እኔን ነው። ድሮ ቅር ይለኝ ነበር፤ አሁን ግን ይህን ማዕረግ ለማንም አልለቅም።