ባዶው ይገፋል ያሉት መምህር በዛብህ

በማለዳ ለውሃ ቀጂዎች ስለ ትነት ማስረዳት።
ከዚያ ፊዚክስ ማስተማር።
ከቀትር በኋላ ቀፊራ ገበያ ወርዶ መነጽር ነጋዴውን ሃሺን ማስረዳት።
ማምሻውን፣ ያልገባው ካለ፣ እንደገና ማስረዳት።

ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለድሬዳዋ የደረሷት ክቡር መምህር በዛብህ ናቸው።

ሃሺ ይፈራላቸው ነበር፤ ይፈራቸውም ነበር። ሰው አንዲት ቃል ለማውጣት ግራ ቀኙን በሚያይበት በዚያ የደርግ ዘመን፣ መምህሩ ከሱቁ በር ቆመው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

«አቦ መምህር፣ ቀስ በል!»

«እውነት በሹክሹክታ አይነገርም። ግልጽ ነው?»

አንድ ቀን ሁለት የመነጽር መስታወቶች አንስተው ፊት ለፊት አቀራረቡ።

«አየሩን ሁሉ ብታወጣና በመካከላቸው ፀጉር እንኳ እንዳይገባ አድርገህ እጅግ ብታጠጋቸው፣ ማንም ሳይነካቸው ይጠጋጋሉ። ባዶው ባዶ አይደለማ! በጨለማም ቢሆን የብርሃን መንቀጥቀጥ አለ። በመካከላቸው ካለው በውጭ ያለው ስለሚበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋቸዋል። ግልጽ ነው?»

«ግልጽ ነው። ለሌላ ሰው ግን እንዳትናገር!»

ተናገሩ። እሑድ በቀበሌው የውይይት ክበብ ካድሬው ጓድ ክፍሉ፣ «ከቁስ አካል ውጭ ምንም ኃይል የለም» ሲሉ፣ መምህሩ እጃቸውን አወጡ። አጠገባቸው የተቀመጠው ሃሺ ዓይኑን ጨፈነ። መምህሩ የባዶውን ኃይል ከሥር መሠረቱ አስረድተው ካድሬውን፣ «ግልጽ ነው?» አሏቸው።



«ይህ ፀረ-ማርክሲስት ሃሳባዊነት ነው! ማን ላከህ?» አሉ ጓድ ክፍሉ። የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «ዋስ ከሌለው ይወሰድ።»

ከዚያ የተወሰደ ሰው የት እንደደረሰ የሚጠይቅ አልነበረም።

ሃሺ ወደ መምህሩ ተመለከተ። ዓምና በኮንትሮባንድ መስታወት ተይዞ ዘመድ ሁሉ ሲሸሸው፣ ዋስ የሆኑት እኚሁ ሰው ነበሩ፤ ያውም ለፖሊሱ ስለ ብርሃን ስብረት እያስረዱ ነበር የፈረሙት።

ተነሣ።

«ጓድ፣ ወላሂ ይህ ሰው ሴረኛ መሆን አይችልም! ሴረኛ ምስጢር ይይዛል። እሱ ምን ይዞ ያውቃል? ማታ ያሰበውን ጠዋት ቀፊራ ሁሉ ይሰማዋል!»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ አዳራሹ ተከተለው። ጓድ ክፍሉ አልሳቁም።

«ነገ ቢያጠፋ የምትወሰደው አንተ ነህ።»

«እኔው ልወሰድ፤ አምጣ ልፈርም።»

እጁ እየተንቀጠቀጠ ፈረመ። ውጭ ሲደርሱ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሃሺ፣ ሰው ሲፈራ እጁ የሚንቀጠቀጠው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ ሃሺ፣ ክንዳቸውን ይዞ። «አስረዳኝ፤ እስከ ቤት ድረስ አስረዳኝ።»

የዓምናው የዋስትና ዕዳ ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።