የግጥሙ ባለቤት ደምበጫ ነው አሉ

ዘፋኝ ማለት በሌላ ሰው ላብ የሚጨበጨብለት ፍጡር ነው! አትቆጡ፤ እኔም ዘፋኝ ነበርኩ። በጣሊያን ጊዜ ቡሬ ጠጅ ቤት ውስጥ ማሲንቆ ስመታ የሰማኝ ሁሉ «አቤት፣ ይሄ ልጅ ሲያውቅበት!» ይል ነበር።

እኔ ምኑን አውቄው! ግጥሙን የሚያወጡት፣ ዜማውን የሚመርጡት፣ የማሲንቆዬን ጭራ የሚወጥሩት፣ «እዚህ ላይ ዝም በል፣ ይሳቁበት» የሚሉኝ ጎረቤቴ ሽማግሌው አያ ደምሌ ነበሩ። ራሳቸው እንዳይዘፍኑት ድምፃቸው... ምን ልበላችሁ፣ ዘይት የናፈቀው መዝጊያ! ስለዚህ ብርሌያቸውን ጨብጠው ጥግ ይቀመጣሉ። «ይህ ግጥም የማን ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም፤ ይህ ደግሞ ያንገበግባቸው ነበር።

አንድ ክረምት የጣሊያን ካሚዮን ጭቃ ውስጥ ሰመጠና በገበሬ በሬዎች ተጎትቶ ወጣ። አያ ደምሌ ዝም ይላሉ? በማግስቱ እንዲህ አዘፈኑኝ፦

ተራራ ይንዳል ሲሉኝ የጣሊያን መኪና፣
ጎተተው ከጭቃ ውስጥ በሬዬ ትናንትና!

ጠጅ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሳያልቅ የባንዳው አለቃ ከነጠመንጃው ገባ።

«ይህን ያወጣው ማነው?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ማሲንቆዬን ከኋላዬ ደበቅሁ። ይሄኔ አያ ደምሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ጥያቄ መጣላቸዋ!

«እኔ ነኝ! ዜማውም የእኔው ነው።»

«እስኪ ዝፈነው፣ ሽማግሌ!»

ዘፈኑት። አለቃው ጆሮውን ያዘ። «ተው እባክህ! ልጁን ለማዳን ብለህ ነው።»

«የምን ማዳን! እሱን የሚያዘፍነው ማን ሆነና? ይልቅ ወስደህ እሰረኝ!»

አለቃው ትቷቸው ወደ እኔ መጣ። «በል አንተ፣ ስለ እኔ አሁን አንድ ግጥም አውጣ።»

እንደ ልማዴ አያ ደምሌን አየሁ። ተቀይመው ግድግዳውን ያያሉ!

«አለቃ... አለቃዬ... ጥሩ አለቃ...» አልኩ።

«ይሄ ደነዝ አያወጣውም፤ ሽማግሌውም አይችልም። ሌላ ሰው አለ!» ብሎ እየተሳደበ ወጣ። የዛሬዋን ፍኖተ ሰላም አልፎ እስከ ደምበጫ ፈለገ አሉ።

አንገቴ ተረፈ። በሳምንቱ ግን ገበያው ሁሉ «ግጥሙን ያወጣው የደምበጫ ሰው ነው» ይል ጀመር። ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ጣሊያን ሊይዘው ያልቻለ ጀግና! በዓይኔ አይቼዋለሁ የሚልም አልጠፋ። አያ ደምሌ ይህን ሰምተው እህል አልወርድ አላቸው። እኔ ደግሞ ዕዳ አለብኝ፤ የተነሱት ለስማቸው ቢሆንም ያተረፉኝ እኮ እሳቸው ናቸው።

ጣሊያን ወጥቶ አንድ ትልቅ ድግስ ላይ ያንኑ ዘፈንኩ። ሰው ሲያጨበጭብ ማሲንቆዬን አስቀምጬ የአያ ደምሌን እጅ ያዝኩና «ባለቤቱ እኒህ ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። አንድ ባላባት ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እጅ ነሱ።

«የደምበጫው ሰው እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ከቡሬ ወጥተው የማያውቁት አያ ደምሌ እኔን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ አገጫቸውን ዳበስ አደረጉ።

«አዎ» አሉ፤ «ጢሜን ትናንት ነው የተላጨሁት!»