ጎማ ላይ የፈነዳው ጎማ

ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው ነፃነት የገዛ ይመስለዋል። ውሸት ነው። የገዛው ዘመድ ነው! ሞተር ከመያዜ በፊት ሰፈሬ ጊንጆ ውስጥ የሚያውቀኝ ባለሱቁ ብቻ ነበር። ዛሬ "ወንድሜ፣ መንገድህ አይደል?" የማይለኝ የለም። መንገዴ ደግሞ ሁልጊዜ እነሱ የሚሄዱበት ሆኖ ይገኛል።

በቅርቡ ታናሽ ወንድሜ ነቢል ዘይነብ የምትባል የጌራ ልጅ ወደደና ሽማግሌ ተላከ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች በሚኒባስ ቀደሙ። ዋናው ተናጋሪ፣ ጎረቤታችን አባ ቢያ ግን "መኪና ያቅለሸልሸኛል" ብለው ለእኔ ተረፉ። አዲስ ጋቢያቸውን ደርበው ከኋላዬ ተፈናጠጡ። የልጅቷ አባት ጋሽ ሰይድ የቀጠሩን ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በፊት ነው፤ ከዙሁር በኋላ የሌላ ጎረምሳ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አረፈድን ማለት ዘይነብ ሄደች ማለት ነው። ነቢል ሌሊቱን አልተኛም፤ እኔንም አላስተኛኝ።

እስከ አጋሮ በሰላም ከነፍን። ከዚያ ወዲያ ያለውን ፒስታ መንገድ ሄዳችሁበት ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ካልሄዳችሁበት ወገባችሁ እድለኛ ነው... ወደ ጌራ ታጥፈን ትንሽ እንደሄድን የፊት ጎማችን ፈነዳ።

አሁን ልብ በሉልኝ። አጋሮ ያለችበት ወረዳ ስሙ ጎማ ነው። ከቡና ማሳ የወጡ አንድ ሰውዬ አስቆምኩና "አባባ፣ ጎማ የት አገኛለሁ?" አልኳቸው።

"ቆመህበታል" ብለውኝ አለፉ።

አባ ቢያ በዚህ መሃል ለጋሽ ሰይድ ደወሉ። ጋሽ ሰይድ በልጅነታቸው ከወሎ የመጡ ናቸው፤ አባ ቢያም ላክብራቸው ብለው ኦሮምኛቸውን ትተው በአማርኛ ጀመሩ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ሰይድ። የዘገየነው የፊተኛዋ ስላልሆነች ነው።"

"ምን አሉ?"

"የፊተኛዋ አልሆነችም። ጎማ ሌላ እየፈለግን ነው። ካገኘን ኢንሻአላህ..."

ኔትወርኩ ሄደ።

በአባ ቢያ አማርኛ ዕቃ ሁሉ ሴት ናት። በኦሮምኛ ደግሞ "ሌላ" የሚለው ቃል ከስሙ ኋላ ነው የሚመጣው። የፊቷ ጎማ ተበላሽታ ሌላ ጎማ እየፈለግን ነው ማለታቸው ነው። ጋሽ ሰይድ የሰሙት ግን፣ በኋላ እንደተረዳሁት፣ ልጃቸው ስላልሆነችን ጎማ ወርደን ሌላ ሙሽራ እንደምናፈላልግ ነው።

"ምን አሉዎት?" አልኳቸው።

"ዝም አሉ። ጨዋ ሰው ናቸው።"

ሌላ ጎማ ጠፋ። አባ ቢያ እያዘኑ ጋቢያቸውን አወለቁ፤ ጎማው ውስጥ ጠቅጥቀነው እየተንገዳገድን አዛን ሊባል ሲል ደረስን። ጋሽ ሰይድ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ቀድመውን የደረሱት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተዋል።

"እህ፣ ጎማ ሌላ አገኛችሁ?" አሉ ጋሽ ሰይድ።

"አጣን" አሉ አባ ቢያ በትህትና። "ምን ይደረግ፣ በፊተኛዋ አብቃቅተን መጣን።"

ጋሽ ሰይድ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። "ልጄ ማብቃቂያ ናት?"

"ልጅዎማ አበባ ናት! እኔ የማወራው ስለ ጎማ ነው።"

"እኔስ ስለ ምን ነው የማወራው? ስለ ጎማ ነው!"

የነቢል ትዳር ዓይኔ እያየ ሊፈርስ ነው። የጋሽ ሰይድን እጅ ይዤ እየጎተትኩ ሞተሩ ጋ አደረስኳቸው። ጎንበስ አሉ። ከፊት ጎማው የጋቢ ጫፍ ተንጠልጥሏል። ጋቢውን አዩ፣ ጋቢ የሌላቸውን አባ ቢያን አዩ... ከዚያ ከዘራቸውን ጥለው እስኪያነቡ ሳቁ።

ስልካቸውን አወጡና ለእነዚያ ለከሰዓቶቹ ሽማግሌዎች ደውለው "አትድከሙ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ" አሏቸው። የተናገሩት ጥርት ባለ ኦሮምኛ ነበር። አባ ቢያ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

"ልጄን ወስዳችኋል" አሉን ጋሽ ሰይድ ወደ እኛ ዞረው። "ከእንግዲህ ስትደውሉልኝ ግን እባካችሁ አታክብሩኝ።"