አማቴ የጾሙልኝ ጾም

ሐኪም የሚጠይቀን ስለ ሕመማችን ነው፤ እኛ የምንመልሰው ስለ ክብራችን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኔማ መምህር ነኝ፣ አስተምሬበታለሁ። ማወቅ ብቻውን ምን ይፈይዳል!

የባለቤቴ እናት ከጨለለቅቱ መጥተው ዲላ እኛ ዘንድ ይኖራሉ። እሳቸው ፕሮቴስታንት፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ታዲያ እኔ ስጾም «አማቼ እየጾሙ እኔ ወተት ልጠጣ? ነውር አይደለም?» ብለው አብረውኝ ጾሙ። ይሁን። ጾሙ ሲፈታም አማች ፊት ሥጋ መብላት እያፈሩ ከቆጮና ከጎመን ሳይወጡ ቀሩ። እኛም ለወጉ ያህል «ይብሉ እንጂ!» እያልን እንተዋቸዋለን። ይባስ ብዬ አማቴን አስጾምኩ እያልኩ ለጓደኞቼ ጉራዬን እነዛ ነበር።

ባለፈው ወር በሳንባ ምች ወድቀው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ወጣቱ ሐኪም የደም ውጤት ይዞ ወደ እኛ ወጣ።

«ሆሞሲስቲን የሚባል ነገር ደማቸው ውስጥ በጣም ከፍ ብሏል። ኩላሊት ሲታመምም ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሥጋና ከወተት የምናገኘው ቫይታሚን ሲጎድል ነው። ለመሆኑ ምን ይበላሉ?»

ባለቤቴ አቀረቀረች። እኔን ምላሴ ቀደመኝ። «እኛ ቤት ምን ይጠፋል ዶክተር! ወተት በለው፣ እንቁላል በለው፣ ሥጋ በለው…»

«እንግዲያው ሌላ ምክንያት አለ፤ ደም ሊያረጋ ስለሚችል ዛሬውኑ መታወቅ አለበት። ሐዋሳ ሄደው ይመርመሩ፤ መንገዱን መቻላቸውን ግን እጠራጠራለሁ» አለና አምቡላንስ አስጠራ።

ሴትዮዋ የሚተነፍሱት በኦክስጅን ነው፤ በእኔ ጉራ መንገድ ላይ ሊቀሩ ነው። ባለቤቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። እናቴ በይሉኝታ ትሙት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐኪሙን ተከትዬ ሄጄ እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አምቡላንሱን አስቀርቶ የቫይታሚን መርፌ አዘዘ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ተመስገን፣ ተሻላቸውና ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። ሐኪሙ ለምን በደንብ እንደማይበሉ ቢጠይቃቸው እኔን ሰረቅ አድርገው አዩና «አማቼ ምን አጓደሉብኝ! እኔው አልበላ ብዬ ነው» አሉ። ደግሞ ለእኔ ክብር ተሟገቱ፤ አንገቴን ደፋሁ።

ባለቤቴ ሁለት እንቁላል ቀቅላ አቀረበችላቸው። ሳህኑን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ያን ጊዜ ገባኝና ወጥቼ በሩን ዘጋሁ። ቆይቼ በበሩ መስታወት አጮልቄ ባይ፣ አንዱን ጨርሰው ሁለተኛውን እየላጡ ነው።